በምድረ በዳ መካከል የጸና ስም
ስለ አሊስ ስፕሪንግስ ስያሜ ጥንተ ነገር የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



የአውስትራሊያን ካርታ ዘርግቶ ጣቱን በምድሪቱ እምብርት ላይ የሚያሳርፍ ሰው፥ በስተ ደቡብ ካለችው ከአደሌይድ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል፥ በስተ ሰሜን ካለችው ከዳርዊንም እንዲሁ 1,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ በቀይ አሸዋና በቀይ ተራራ ተከባ የተቀመጠች አንዲት ከተማ ያገኛል፤ ስሟም አሊስ ስፕሪንግስ ይባላል፥ የአሊስ ምንጮች ማለት ነው። የዚህን ስም ነገር የሚመረምር ሁሉ ገና ሲጀምር ሦስት እንቅፋት ይገጥመዋል። አሊስ የተባለችው ሴት ያን ምድር በዓይኗ አላየችውም፤ ምንጭ የተባለውም ውሃ ከመሬት የሚፈልቅ ምንጭ አይደለም፤ ከተማይቱም ራሷ 45 ዓመት ሙሉ በመንግሥት መዝገብ ተጽፋ የነበረችው በሌላ ስም ነበር። ባለቤቱ ያልደረሰበት፥ ነገሩ ያልተገኘበት፥ ሕግም ያልደገፈው ስም እንዴት ሊጸና ቻለ? ዛሬ በፊታችሁ የማቀርበው ሐተታ ይህን ለመግለጽ የተዘጋጀ ሲሆን፥ እኔ እንደማምነው መልሱ ስምን የሚያወጣው አንድ፥ ስምን የሚያጸናው ግን ሌላ በመሆኑ ላይ ነው። በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

አበው «ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ። ይህ አባባል ስለ ሰው ስም ቢነገርም በአገርም ስም ላይ ብዙ ጊዜ ሲሠራ እናያለን፤ ስም አውጪው ተረስቶ ዘመን ሲያልፍበት ስሙ ከመሬቱ ጋር አብሮ የተፈጠረ ይመስላልና። በአውስትራሊያ መካከለኛ ምድር ላይ የተቀመጡት የእንግሊዝኛ ስሞች ግን ገና ወጣቶች ናቸው፤ ማን እንዳወጣቸው፥ በስንት ዓመትና ለማን ክብር እንደወጡ፥ በመንገደኞች የዕለት ማስታወሻ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። በዚህም ምክንያት የስም አወጣጥን ሥርዓት ሊመረምር ለሚወድ ሰው ከዚህ የበለጠ የተመቸ ስፍራ የለም እላለሁ።

የመጀመሪያው ስም አውጪ በስኮትላንድ የተወለደው መንገደኛ ጆን ማክዱዋል ስቱዋርት ነው። ይህ ሰው በ1860 ሁለት ባልንጀሮችና 13 ፈረሶች ብቻ ይዞ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲገሠግሥ፥ በሚያዝያ ወር ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ እንደ ቅጥር የተዘረጋውን ረጅም ተራራ አገኘ፤ ወዲያውም በዚያን ጊዜ የደቡብ አውስትራሊያ አገረ ገዥ በነበረው በሪቻርድ ማክዶኔል ስም የማክዶኔል ተራሮች ብሎ ሰየመው። ከዚያ በፊት ያገኘውን ትልቁን የአሸዋ ወንዝ፥ ለጉዞው ገንዘብ ባወጣለት በዊልያም ፊንክ ስም ፊንክ ብሎ ጠርቶት ነበር፤ በዚያው አገር ብቻውን እንደ ሐውልት የቆመውን የድንጋይ ዓምድም ለሌላው ደጋፊው ለጄምስ ቻምበርስ መታሰቢያ አደረገው። ስቱዋርት ብድሩን የሚከፍልበት ወርቅ አልነበረውም፤ ስለዚህ የረዱትን ሰዎች ስም በወንዝና በተራራ ላይ እየጻፈ ውለታቸውን መለሰ። በምድሪቱ መካከል ነው ብሎ ያመነውን ተራራ ግን ለቀድሞ አለቃው ለቻርልስ ስተርት ክብር ሰየመው፤ በኋላ ግን ሹማምንቱ ተራራውን ወደ ስቱዋርት ስም አዛወሩት፥ ዛሬም የሚጠራው በእርሱ ስም ነው። ይህ ታላቅ መንገደኛ ከሁለት ዓመት በኋላ፥ በሐምሌ 24 ቀን 1862፥ ምድሪቱን አቋርጦ ከሰሜኑ ባሕር ደረሰ፤ ጤናውን ግን በዚያው ጉዞ አጥቶ ነበርና በ1866 በሎንዶን አረፈ።

ስቱዋርት ዛሬ ከተማይቱ ባለችበት ስፍራ አላለፈም፤ መንገዱ በስተ ምዕራብ ነበር። ይሁን እንጂ ለከተማይቱ መፈጠር ዋና ምክንያት የሆነው የእርሱ መንገድ ነው፤ ከእርሱ በኋላ የመጣው የቴሌግራፍ ሽቦ ጥቂት እየዘነበለ ያንኑ መንገድ ተከትሏልና። እንግዲህ ወደ ሽቦው ታሪክ እንግባ፤ የአሊስ ስም የመጣው በዚያው ሽቦ ላይ ነው።

ቻርልስ ቶድ በ1826 በሎንዶን አጠገብ የተወለደ፥ በግሪኒችና በኬምብሪጅ የከዋክብት መመልከቻ ቤቶች ያገለገለ፥ በሥነ ፈለክና በኤሌክትሪክ ዕውቀት የታወቀ ሰው ነበር። በ1855 የደቡብ አውስትራሊያ መንግሥት የከዋክብት ተመራማሪና የቴሌግራፍ የበላይ ኃላፊ አድርጎ በሾመው ጊዜ፥ በዚያው ዓመት የኬምብሪጇን ልጅ አሊስ ቤልን አግብቶ ወደ አደሌይድ በመርከብ ሄደ። አሊስ በዚያ በደረሰች ጊዜ ዕድሜዋ 19 ነበር። ከወላጆቿና ከአገሯ እጅግ ርቃ፥ ደብዳቤ ሲላክ መልሱ ከስድስት ወር በላይ በሚቆይበት በዚያ ዘመን፥ በአዲሱ አገር ቤት መሥርታ ስድስት ልጆች አሳደገች። ከልጆቿ አንዷ ግዌንዶሊን ለፊዚክስ ሊቁ ለዊልያም ብራግ ተድራ፥ ከእርሱ የወለደችው ልጅ ሎረንስ ገና በ25 ዓመቱ ከአባቱ ጋር በአንድነት የ1915ን የኖቤል ሽልማት እንደተቀበለ ማስታወስ ተገቢ ነው፤ ስለ አሊስ ሲነገር ባሏና የአሸዋው ወንዝ ብቻ ይጠቀሳሉና፥ ከእርሷ ቤት የወጣውንም ማወቅ ስሟን ማክበር ይመስለኛል።

በ1870 አንድ የእንግሊዝ ኩባንያ ከጃቫ ደሴት እስከ ዳርዊን ድረስ በባሕር ሥር የቴሌግራፍ ገመድ ለመዘርጋት ተስማማ፤ የደቡብ አውስትራሊያም መንግሥት ከዳርዊን እስከ ፖርት ኦጋስታ ያለውን የየብስ መሥመር እስከ ጥር 1 ቀን 1872 ድረስ ሊጨርስ ቃል ገባ። ቃሉን መግባት ቀላል፥ መፈጸሙ ግን እጅግ የከበደ ነበር። የሚቋረጠው ምድር 3,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚተከሉት ምሰሶዎች 36,000 ያህል ናቸው፤ ከሰሜን የሚመጡት ሠራተኞች በክረምቱ ዝናብ ረግረግ ውስጥ ሲሰጥሙ፥ በመካከል ያሉት ደግሞ ውሃ ፍለጋ ይቅበዘበዙ ነበር። ይህን ሥራ ሁሉ የሚያዝዘው ቶድ ነበር፤ ቀያሾቹም፥ እንጨት ቆራጮቹም፥ ሽቦ ዘርጊዎቹም ሪፖርታቸውን የሚጽፉት ለእርሱ ነበር።

ከቀያሾቹ አንዱ ዊልያም ዊትፊልድ ሚልስ በመጋቢት ወር 1871 የማክዶኔልን ተራሮች ለሽቦው የሚያሳልፍ በር ሲፈልግ፥ በደረቅ ወንዝ ውስጥ በድንጋይ መካከል የተከማቸ ውሃ አገኘ፤ ከዚያም ወደ ደቡብ ጥቂት ዘልቆ ተራራውን የሚከፍለውን በር አገኘ። ወንዙን በአለቃው ስም ቶድ አለው፤ ውሃውን በአለቃው ሚስት ስም የአሊስ ምንጮች ብሎ ሰየመው፤ የተራራውንም በር በእንግሊዝ አገር በዴቨን በተማረበት ትምህርት ቤት ስም ሄቪትሪ ብሎ ጠራው። አለቃው፥ የአለቃው ሚስትና የልጅነት ትምህርት ቤት! ለሽቦው መንገድ ያገኘው ሰው በዚያ ምድር ላይ የጻፈው የራሱን ናፍቆትና የራሱን አክብሮት ነው፤ ስለ ምድሪቱ ስለ ራሷ ግን ምንም አልጻፈም። ለዚህ ልወቅሰው አልፈልግም፤ በደከመና በተጠማ ጊዜ የሰው ልብ ወደሚያውቀው ነገር ይመለሳልና።

ስለ ውሃው ግን ጥቂት ልቆይ፤ የስሙ ስሕተት የተነሣው ከዚያ ነውና። የቶድ ወንዝ በዓመቱ አብዛኛው ወራት ውሃ የማይታይበት፥ በሁለት ወገን ግዙፋን የባሕር ዛፎች የበቀሉበት ሰፊ የአሸዋ ጎዳና ነው። ብርቱ ዝናብ በዘነበ ጊዜ ይሞላል፥ ያጥለቀልቃልም፤ ከዚያ በኋላ ውሃው በአሸዋው ሥር ሠርጎ ይገባል። ሚልስ ባገኘው ስፍራ ግን የግራናይት አለት የወንዙን ሆድ ከታች አቋርጦ ስለሚያግደው፥ በአሸዋው ሥር የሚሄደው ውሃ ከአለቱ በስተ ኋላ ይጠራቀምና ወደ ላይ ይወጣል። ያን ኩሬ ሳይደርቅ ያየ ሰው ምንጭ ነው ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም፤ ነገር ግን ድርቁ ሲጸና ውሃው ይቀንሳል፥ አሸዋውንም መቆፈር ግድ ይሆናል። ሽቦ ዘርጊዎቹ የውሃውን ጠባይ ቆይተው አወቁት፥ ስሙ ግን በካርታ ላይ ገብቶ ነበር።

የቴሌግራፉ መሥመር ከተስማሙበት ቀን ወራት ዘግይቶ ተፈጸመ፤ ነሐሴ 22 ቀን 1872 ሁለቱ የሽቦ ጫፎች ተገጣጠሙ። ቶድ በዚያን ቀን ከአሊስ ስፕሪንግስ በስተ ሰሜን ባለው በመካከለኛው የስቱዋርት ተራራ ሥር በሜዳ ላይ ነበር፤ በእጁ ባለችው ትንሽ መሣሪያ የደስታ መልእክት ይቀበል ነበር። በመርከብ ወራት ይፈጅ የነበረው የሎንዶን ወሬ በሰዓታት ውስጥ አደሌይድ መድረስ የጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው።

የኤሌክትሪኩ ኃይል በረጅም ሽቦ ላይ ስለሚደክም፥ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርቀት የመቀባበያ ጣቢያዎች ተሠርተው ነበር፤ በየጣቢያው ያለው ጸሐፊ የመጣውን መልእክት በጆሮው እየሰማ በእጁ እየመታ ለሚቀጥለው ጣቢያ ያስተላልፋል። አሊስ ስፕሪንግስ ከእነዚህ ጣቢያዎች አንዱ ሆነ። በ1872 በድንጋይ የተሠሩት ቤቶቹ ዛሬም በኩሬው አጠገብ ቆመዋል። እንግዲህ የስሙን መጽናት ምሥጢር የምናገኘው እዚህ ነው፤ የዚያ ውሃ ስም ከካርታ ወርዶ በጸሐፊዎች አፍ የሚነገር፥ በፖስታ ላይ የሚታተም፥ ከባሕር እስከ ባሕር በሽቦው ላይ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ የሚያውቁት የሥራ ስም ሆነ። ሚልስ ያወጣውን ስም ያጸናው ሽቦው ነው።

የዚህን እውነት ምስክር የሚሆነው የሌላው ስም ዕጣ ነው። በ1888 መንግሥት ከጣቢያው በስተ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ፥ በተራራው በር አጠገብ፥ አዲስ ከተማ ቀይሶ ለታላቁ መንገደኛ ክብር ስቱዋርት ብሎ ሰየማት። ከዚህ የተሻለ የሚገባው ስም አልነበረም፤ በሕግ የወጣ፥ በመዝገብ የተጻፈ፥ ለአገሩ ለደከመ ሰው የተሰጠ ነበርና። ይሁን እንጂ ደብዳቤውና ቴሌግራሙ የሚደርሰው በአሊስ ስፕሪንግስ ስም ነበር፤ ባላገሩም ሰው ከተማይቱንና ጣቢያውን ሳይለይ አሊስ ይል ጀመር። በ1929 የባቡር ሐዲድ ደርሶ ሕዝቡ ሲበዛ፥ በ1932ም የቴሌግራፉ ሥራ ወደ ከተማይቱ ሲዛወር፥ የሁለቱ ስሞች መደባለቅ ለጽሕፈት ቤቶች ችግር ሆነ፤ በመጨረሻም ነሐሴ 31 ቀን 1933 የስቱዋርት ስም ተሽሮ ከተማይቱ አሊስ ስፕሪንግስ እንድትባል ታወጀ። መንግሥት የራሱን አዋጅ ሽሮ የፖስታውን ልማድ ተከተለ። ስለ ስቱዋርት ግን አዝናለሁ፤ መንገዱን ከፍቶ ጤናውን የሰጠው እርሱ ሆኖ ሳለ፥ በከተማይቱ ስም ላይ የቀረችው ያን ምድር ያላየችው የቴሌግራፍ ሹሙ ባለቤት ናት።

ባቡሩንም ካነሣን ስለ እርሱ ስም አንድ ቃል ሳልናገር አላልፍም። ከሐዲዱ በፊት ለጣቢያዎቹ ዱቄቱንና ሽቦውን፥ በኋላም የባቡሩን ዕቃ ሳይቀር በግመል የሚያጓጉዙት ከአፍጋኒስታንና በእንግሊዝ ሥር ከነበረችው ከሕንድ ሰሜን ምዕራብ የመጡ እስላም ግመለኞች ነበሩ፤ የመጡበት አገር የተለያየ ሲሆን ሁሉንም በጅምላ አፍጋን ይሏቸው ነበር። ባቡሩ እስከ ዛሬ «ጋን» የሚባለው በእነርሱ ስም ነው። ካምራን የተባለው ግመለኛ በ1873 ከቀያሹ ከዊልያም ጎስ ጋር ታላቁን ቀይ ዓለት ወጥቶ ነበር፤ ጎስም ዓለቱን በሌላ ሹም ስም ኤርስ ሮክ አለው። ባለ አገሮቹ ግን ኡሉሩ የሚሉትን ስም ከቶ አልተዉትም፤ በ1993 ሁለቱ ስሞች በአንድነት በሕግ ጸደቁ፥ በ2002ም ኡሉሩ ቀድሞ እንዲጻፍ ተወሰነ።

አሁን ወደ ቀደመው ስም እንመለሳለን። ሚልስ ኩሬውን ባገኘ ጊዜ ውሃው ስም አልነበረውም ብሎ ማሰብ ታላቅ ድፍረት ነው። ያ ምድር የአራንዳ ሕዝብ ርስት ነው፤ ከተማይቱ ያለችበትንም ስፍራ ምባርንትዋ ይሉታል፥ ወንዙም በዚያው ስም ይጠራል። በትውፊታቸው እንደሚነገረው በፍጥረት ዘመን ከምሥራቅ በኩል የመጡ አባጨጓሬ አባቶች፥ ዋናዎቹም የፐረንዬ፥ ንቻልከ እና ኡትነረንጋቸ የሚባሉ፥ በተራሮቹ በር ገብተው እየተጓዙ ኮረብታውን፥ ሸንተረሩን፥ ዛፉን ሠሩ፤ ሰውነታቸውም ዛሬ በምናየው ተራራ ሆኖ ቀረ። ለእነርሱ የስፍራ ስም የሚታወቀው ከመንገዱ ታሪክ ጋር ነው፤ ስሙን የሚያውቅ ውሃው የት እንዳለ፥ ስፍራው የማን እንደሆነ፥ ወዴት መሄድ እንደማይፈቀድም ያውቃል። ውሃ ብርቅ በሆነበት ምድር ስም ሕግም መዝገብም ነው።

ይህ ዕውቀት ወደ ዓለም ሊቃውንት ጆሮ የደረሰው ከዚያው የቴሌግራፍ ቤት መሆኑ የሚያስደንቅ ነው። ከ1892 እስከ 1899 የጣቢያው ሹም የነበረው ፍራንሲስ ጊለን የአራንዳ ሽማግሌዎችን ወዳጅ አድርጎ ትውፊታቸውንና ሥርዓታቸውን ሲጽፍ ኖረ፤ ከሊቁ ከባልድዊን ስፔንሰር ጋርም በ1899 ያሳተሙት መጽሐፍ በአውሮፓ ስለ ሃይማኖትና ስለ ማኅበር አመሠራረት በሚጽፉት ሊቃውንት ዘንድ ታላቅ ዝና አገኘ፤ ፈረንሳዊው ኤሚል ዱርካይም ስለ ሃይማኖት ጥንተ መሠረት የጻፈው ዋና መጽሐፍ በእርሱ ላይ የቆመ ነው። ጊለን ጸሐፊ ብቻ አልነበረም። በ1891 ዊልሻየር የተባለው የፖሊስ አዛዥ የአገሩን ተወላጆች አስገድሏል ተብሎ በተከሰሰ ጊዜ፥ ነገሩን መርምሮ ለፍርድ የላከው እርሱ ነው፤ ፍርድ ቤቱ ግን ተከሳሹን ነፃ ለቀቀው። እንዲህ ያለ ዘመን ነበር። ስሙን የተሸከሙት የድንጋይ ቤቶችም ሌላ መራራ ታሪክ አላቸው፤ ቴሌግራፉ ከወጣ በኋላ ከ1932 እስከ 1942 «ቡንጋሎው» በሚባል ስም፥ አቦሪጂን ከሚባሉት ከአገሩ ተወላጅ እናቶችና ከነጭ አባቶች የተወለዱ፥ ብዙዎቹም ከእናቶቻቸው የተነጠቁ ሕፃናት የሚቀመጡባቸው ሆነው ነበር። አሊስ የሚለውን ስም ለነዚያ ሕፃናት መስማት ምን እንደነበረ እያሰብኩ ነው ይህን የምናገረው።

የአራንዳ ስም በካርታ ላይ ሳይጻፍ ከ100 ዓመት በላይ በአፍ ጸንቶ መኖሩ በኋላ በአደባባይ ታየ። ከተማይቱ ያለችበት ግዛት መንግሥት ጎርፍ ለመከላከል ከከተማይቱ በስተ ሰሜን በቶድ ወንዝ ላይ ግድብ ሊሠራ ባሰበ ጊዜ፥ የአራንዳ ሴቶችና ሽማግሌዎች ስፍራው የተቀደሰ መሆኑን በስም በስም እየጠሩ አስረዱ፤ በ1992 የፌዴራሉ ሚኒስትር ሮበርት ቲክነር ግድቡ ለ20 ዓመት እንዳይሠራ ከለከለ። በዚያ ክርክር የስፍራ ስሞች እንደ ምስክር ቆመው ነበር፤ የትኛው ድንጋይ ምን እንደሚባል፥ ታሪኩንም ሊናገር የሚገባው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሕዝብ፥ ርስቱን የሚያስረዳበት ወረቀት ባይኖረው እንኳ ማስረጃ አልጎደለውም።

በ2000 ደግሞ የአውስትራሊያ የፌዴራል ፍርድ ቤት በአሊስ ስፕሪንግስ ከተማ ውስጥና በዙሪያዋ ባሉ ብዙ ቁራሽ መሬቶች ላይ የአራንዳ ሕዝብ የጥንት ርስት መብት እንዳለው ፈረደ። ከዚያ ፍርድ የተነሣ በግልጽ የታወቀ አንድ ነገር አለ፤ ለስያሜው ታሪክ እጅግ ይጠቅማልና ልብ በሉልኝ። እንግሊዞች አንዲት ከተማ ብለው በአንድ ስም የጠሩት ምድር፥ በባለ ርስቶቹ ዘንድ ምባርንትዋ፥ አንቱልዬ እና ኢልፕማ የሚባሉ የሦስት ርስቶች ስፍራ ነው፤ እያንዳንዱም የራሱ ባለቤቶችና የራሱ የታሪክ ጠባቂዎች አሉት፤ ለሚነቀለው ዛፍ፥ ለሚቆፈረው ጉድጓድ፥ ለሚሠራው መንገድ ፈቃድ የሚጠየቀውም የዚያ ርስት ሰው ነው። ዛሬ ብዙ ሰዎች ለከተማይቱ ሁሉ የሚሰጡት የምባርንትዋ ስም ከሦስቱ አንዱ ነው፤ የአንቱልዬና የኢልፕማ ሰዎችም የየራሳቸውን ስም በየራሳቸው ምድር ላይ ይጠራሉ።